ዩኩሌሌ በአምባሰል ይፈተናል

ዩኩሌሌ፣ ትንሹን ጊታር መሰል ባለ አራት ክር መሣሪያ፣ ሊገዛ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው። ቀጥሎ አራቱን ክሮች በአውራ ጣቱ ጠረግ ያደርጋቸዋል። ድምፁ ደስ ይለዋል፣ ይከፍላል፣ ይዞ ይወጣል። ነገር ግን ዩኩሌሌ ምንም ሳይያዝ ሲመታ ደስ እንዲል ተደርጎ የሚቃኝ መሣሪያ ስለሆነ ክፍት ክር ላይ መጥፎውም ጥሩውም ያው ነው። የወሎን ጆሮ ደግሞ የበለጠ ያታልላል። አራቱ ክፍት ክሮች ሶል፣ ዶ፣ ሚ እና ላ ናቸው፤ ከትዝታ ቅኝት አምስት ድምፆች አራቱ ማለት ነው። የጎደለችው ሬ ብቻ ናት። ስለዚህ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያደገ ሰው ክሮቹን ገና ሲነካቸው የሚያውቀው ነገር ይሰማዋል፣ ልቡም ይሸፍታል።

ትዝታ ብቻ ተጫውቶ መግዛት ግን አይበቃም። ትዝታ ሜጀርን ከዶ ተነስታችሁ ስትጫወቱ ጣታችሁ የሚያርፈው አንገቱ ላይ ካሉት የብረት ዘንጎች፣ ከፍሬቶቹ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ነው፤ አንደኛውን ፍሬት ጨርሶ አትነኩትም። ርካሽ ዩኩሌሌ በብዛት የሚሳሳተው ደግሞ እዚያው አንደኛው ፍሬት ላይ ነው። አምባሰል በተባለው ቅኝት ግን መነሻውና ሁለተኛው ድምፅ የሚራራቁት በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። ከዶ ሲጀመር ገና በሁለተኛው ድምፅ አንደኛውን ፍሬት ያስይዛል፤ ፍሬቱ ላይ ስሕተት ካለ አምባሰሉ ወዲያው ያሳብቅበታል። ሱቅ ውስጥ ጊዜያችሁ አጭር ከሆነ ሌላውን ፈተና ሁሉ ተዉና ይህን አንዱን አድርጉ።

ወደ ዝርዝሩ ሳንገባ በቃላቱ እንግባባ። ዩኩሌሌውን ስትይዙ ወደ ፊታችሁ የቀረበው ክር አራተኛው፣ ወደ መሬት የቀረበው አንደኛው ነው። አንገቱ ላይ የተቀበሩት የብረት ዘንጎች ፍሬት ይባላሉ። ራሱ አጠገብ ክሮቹ የሚያልፉበት ትንሽ ነጭ ድልድይ ነት ይባላል። ታች፣ ደረቱ ላይ የተለጠፈው እንጨት ብሪጅ ነው፤ በእሱ ላይ የቆመችው ቀጭን ነጭ ዘንግ ደግሞ ሳድል ናት። ክራር የሚያውቅ ሰው ሳድልን እንደ በርኩማ ቢያስባት አይሳሳትም፤ ሥራቸው አንድ ነው። ክር የሚጠመዘዝባቸው ያው መቃኛ ናቸው።

ክሩ በትክክል መቃኘቱን የሚያሳየው ቲዩነር፣ የስልክም ሆነ በራሱ ላይ የሚቆነጠጥ ዲጂታል፣ ድምፆቹን በላቲን ፊደል ነው የሚያሳየው። ሶል ጂ፣ ዶ ሲ፣ ሚ ኢ፣ ላ ደግሞ ኤ ተብለው ይነበባሉ። ፊደሉ «ሲ» የዶ ስም እንጂ በዶ ሬ ሚ አቆጣጠር ሰባተኛዋ ሲ እንዳልሆነች አስታውሱ፤ ጀማሪን በጣም የሚያደናግረው ይህ ነው። አንደኛው ክር ላ በ440 ኸርዝ ይቃኛል፤ ሦስተኛው ዶ 261.6 ላይ ይወድቃል።

የትኛው መጠን?

አራት መጠን አለ። ሶፕራኖ ከጫፍ ጫፍ 53 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን ከነት እስከ ሳድል ያለው የክሩ ርዝመት 34 ወይም 35 ነው። ኮንሰርት 58 ገደማ፣ ክሩ 38። ቴነር 66 ገደማ፣ ክሩ 43። ባሪቶን 76 ገደማ፣ ክሩ ከ48 እስከ 51። ባሪቶን የሚቃኘው በሌላ መንገድ፣ ወደ መሬት እንደቀረቡት አራት የጊታር ክሮች ስለሆነ ከዚህ በታች የማስቀምጣቸው የጣት ቦታዎች በእሱ ላይ ሌላ ድምፅ ይሰጣሉ። ለመጀመሪያ መሣሪያ አልመክረውም።

ልዩነቱ ድምፅ ላይ ብቻ አይደለም፤ ጣት ላይም ነው። ከነት እስከ አንደኛው ፍሬት ያለው ርቀት ሶፕራኖ ላይ 1.9 ሴንቲሜትር፣ ኮንሰርት ላይ 2.1፣ ቴነር ላይ 2.4 ያህል ነው። ሁለት ሚሊሜትር ምንም አይመስልም። የአንቺሆዬን ቅኝት ስትጫወቱ ግን ጣቶቻችሁ አንደኛውና ሁለተኛው ፍሬት ላይ ተጨናንቀው ስለሚሠሩ ሁለት ሚሊሜትሯ ትሰማለች። ለትልቅ ሰው እጅ ኮንሰርት ይስማማል። ዕድሜው ከአምስትና ስድስት ዓመት ለጀመረ ልጅ ሶፕራኖ ይበቃል። ቴነርን የምመክረው ጊታር ለሚጫወት፣ ወይም በኋላ አራተኛውን ክር በወፍራም ለመቀየር ላሰበ ሰው ነው።

ክሮቹንም ቁጠሩ። ስድስት ክር ያለው ትንሽ መሣሪያ ዩኩሌሌ ተብሎ ቢሰጣችሁ ወይ ጊታሌሌ ነው ወይ የልጆች ጊታር። ጊታሌሌ መጥፎ መሣሪያ አይደለም፤ ዩኩሌሌ ግን አይደለም። ፍሬቶቹ ከአንገቱ ጋር አንድ ላይ በፕላስቲክ የተቀረጹና መቃኛው ሲነካ የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ መጫወቻ ነው፤ ሳድሉንም ነቱንም ብትነካኩት አይቃናም።

ሱቅ ውስጥ

ሦስት ነገር ይዛችሁ ሂዱ፦ ቲዩነር የተጫነበት ስልክ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ከሦስት እስከ አራት የባንክ ካርድ። የባንክ ካርድ ውፍረት በዓለም ሁሉ 0.76 ሚሊሜትር ነው፤ ከዚህ የተሻለ መለኪያ በኪስ አይያዝም።

መጀመሪያ አራቱንም ክሮች በቲዩነር ቃኙ። ሻጩ «ተቃኝቷል» ቢላችሁም እንደገና ቃኙ። ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ እያጠበቃችሁ ድምፁ ላይ ድረሱ። ካለፋችሁ አላሉትና እንደገና ውጡ፤ ከላይ ወደ ታች የተቃኘ ክር መቃኛው ውስጥ ያለው ልቅነት እስኪያልቅ ድረስ ይወርዳል።

ቀጥሎ የመጀመሪያው ካርድ። ምንም ክር ሳትይዙ አንዱን ካርድ አንደኛው ፍሬት ላይ አስተኝታችሁ ከክሩ ሥር ለማሳለፍ ሞክሩ። ጥሩ በተስተካከለ ዩኩሌሌ ከፍሬቱ እስከ ክሩ ያለው ክፍተት ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ካርዱ ክሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። ካርዱ ክሩን ሳይነካ ከገባና ከወጣ ነቱ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ነት ከፍ ሲል የሚሆነው ይህ ነው፦ አንደኛውን ፍሬት ስትጫኑ ክሩ ለመውረድ የሚለጠጠው በ2 ሴንቲሜትር ርቀት ውስጥ ነው። የተለጠጠ ክር ይጠብቃል፣ የጠበቀ ክር ድምፁ ከፍ ይላል። ወደ አምስተኛውና ሰባተኛው ፍሬት ስትሄዱ ከነቱ ስለምትርቁ ስሕተቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ለዚህ ነው አንድ ዩኩሌሌ ላይ መሃል አንገቱ ንጹሕ ሆኖ ራሱ አካባቢ የሚዛነፈው።

ይህንኑ በጆሮና በቲዩነር አረጋግጡ። ሦስተኛውን ክር ዶ ላይ በትክክል ካስቀመጣችሁ በኋላ አንደኛውን ፍሬት ያዙ። ጣታችሁ ከፍሬቱ ኋላ ተጠግቶ፣ ክሩ ሳይንጫጫ እንዲሰማ ያህል ብቻ ይጫን፤ አጥብቆ መጫን በራሱ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል። ቲዩነሩ ስሕተቱን በሴንት ያሳያል፤ አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። እስከ 5 ሴንት መዛነፍ ጥሩ ነው። 10 ከሆነ ጆሮ መስማት ይጀምራል፣ ግን በቀላሉ ይስተካከላል። 20 ከሆነ አምባሰሉ አምባሰል መሆኑን ይተዋል። በአራቱም ክሮች ላይ ይህንኑ ድገሙ።

አሁን አሥራ ሁለተኛው ፍሬት። በመጀመሪያ በሜትር ከነት እስከ 12ኛው ፍሬት፣ ከዚያ ከ12ኛው ፍሬት እስከ ሳድል ለኩ። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው፤ ሁለተኛው ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊሜትር ቢረዝም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፣ ክሩ ሲጫን የሚጨምረውን ድምፅ ለማካካስ። ሁለተኛው ካጠረ ግን ብሪጁ ያለ ቦታው ተለጥፏል፤ እሱን ማንም ሱቅ ውስጥ ቆሞ አያስተካክልም፣ መልሱት። ከዚያ ክሩን በ12ኛው ፍሬት ትክክል ላይ በጣት ጫፍ ነካ ብቻ አድርጋችሁ ምቱትና ጣታችሁን አንሱ። እንደ ደወል የጠራ ድምፅ ይወጣል። ያንኑ ፍሬት ተጭናችሁ ምቱ። ሁለቱ ድምፆች አንድ መሆን አለባቸው። አንድ ክር ብቻ ቢዛነፍ ጥፋቱ የክሩ ሊሆን ይችላል፤ ያረጀ ወይም ውፍረቱ እኩል ያልሆነ ክር እንዲህ ያደርጋል። አራቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ቢዛነፉ ግን ጥፋቱ የመሣሪያው ነው።

ሁለተኛው የካርድ ፈተና እዚሁ 12ኛው ፍሬት ላይ ነው። ሦስት ካርድ ተደራርቦ 2.3፣ አራት ካርድ 3 ሚሊሜትር ይሆናል። ክሩ ከፍሬቱ ያለው ከፍታ በሦስትና በአራት ካርድ መካከል ቢሆን ትክክለኛው ነው። ከአራት ካርድ በላይ ከሆነ ጣት ያደክማል። ነገር ግን ይህ ችግር ይስተካከላል፦ ክሮቹ ሲላሉ ሳድሏ ከቦታዋ ትወጣለች፣ ሥሯ በብርጭቆ ወረቀት ላይ ይሞረዳል። 12ኛው ፍሬት ላይ አንድ ሚሊሜትር ለማውረድ ከሳድሏ ሁለት ሚሊሜትር መነሳት አለበት። ጠፍጣፋ ነገር ላይ፣ ብርጭቆ ወረቀቱ ተዘርግቶ፣ ሳድሏ ቀጥ ብላ ትሞረድ፤ ሥሯ ከተጣመመ ድምፅ ትበላለች።

ከዚያ አንገቱን እዩ። ዩኩሌሌውን ወደ ዓይናችሁ አምጥታችሁ ከራሱ ወደ ብሪጁ ተመልከቱት። አብዛኛው ዩኩሌሌ አንገቱ ውስጥ እንደ ጊታር የሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ የለውም፤ የተጎበጠ አንገት እንደተጎበጠ ይኖራል። ይህ ያለ ድርድር የሚመለስበት ምክንያት ነው። የፍሬቶቹንም ጫፍ መዳፋችሁን በአንገቱ ጎን አስሮጣችሁ ፈትሹ፤ የሚቧጥጥ ከሆነ እንጨቱ ደርቆ ተሰብስቧል፣ ብረቱ ግን አይሰበሰብም። በትንሽ ሞረድ ይለሰልሳል፣ ለዋጋ መከራከሪያም ይሆናችኋል።

ብሪጁ ከኋላው በኩል እየተነሳ እንዳይሆን የወረቀት ጠርዝ በሥሩ ለማስገባት ሞክሩ። ከገባ ኮላው እየለቀቀ ነው። የስልክ መብራት በድምፅ ማውጫው ቀዳዳ አስገብታችሁ ውስጡን እዩ፤ ተገንጥሎ የተንጠለጠለ ደጋፊ እንጨት፣ የፈሰሰ ኮላ፣ በእንጨቱ መስመር የሄደ ስንጥቅ ፈልጉ። ያገለገለ ስትገዙ ይህ ከሁሉ ይበልጣል። ደረቱን በጣት አንጓ ኳ ኳ አድርጉት፤ የሚንቀጫቀጭ ነገር ካለ ይሰማል።

ከዚያ በኋላ ነው አምባሰል የሚመጣው። ሦስተኛው ክር ክፍት፣ ሦስተኛው ክር አንደኛው ፍሬት፣ ሁለተኛው ክር አንደኛው ፍሬት፣ ሁለተኛው ክር ሦስተኛው ፍሬት፣ ሁለተኛው ክር አራተኛው ፍሬት፣ አንደኛው ክር ሦስተኛው ፍሬት። ስድስት ድምፅ ነው፤ ወደ ላይ ሄዳችሁ ወደ ታች ተመለሱበት። መጫወት የማትችሉ ከሆነ የምታውቁትን ክራር ወይም ማሲንቆ ተጫዋች ይዛችሁ ሂዱና እሱ ይስማው። ዩኩሌሌ ባያውቅም አምባሰልን ያውቃል።

መቃኛው

ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ የወጣ ነው፣ እንደ ክራር መቃኛ በመፋተግ ይይዛል። ሌላው ወደ ጎን የወጣና ጥርስ ያለው ሲሆን ክሩ የተጠመጠመበት ዘንግ አንድ ዙር እንዲዞር ቁልፉን 14 ጊዜ ገደማ ታዞሩታላችሁ። ለጀማሪ ሁለተኛውን ብቻ ግዙ። በመፋተግ የሚይዘው ቀላል ነው፣ ያምራል፣ ግን ትንሽ ስትነኩት ብዙ ይሄዳል። ያላችሁ እሱ ከሆነና ከያዘበት የሚንሸራተት ከሆነ ጫፉ ላይ ያለችውን ብሎን በካቻቢቴ ሩብ ዙር አጥብቁ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ መቃኛው አይዞርም።

እንጨቱና አገሩ

ዩኩሌሌ የተወለደው ሃዋይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ሬቨንስክራግ በተባለች መርከብ ከማዴይራ ደሴት ወደ ሆኖሉሉ ከመጡት ፖርቱጋሎች መካከል ማኑኤል ኑኔስ፣ ዦዜ ዶ ኤስፒሪቶ ሳንቶ እና አውጉስቶ ዲያስ የተባሉ ሦስት እንጨት ሠሪዎች ነበሩ፤ ከአገራቸው ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ ተነስተው ዩኩሌሌን ሠሩት። የተጠቀሙበት የሃዋይ እንጨት ኮአ ሲሆን የእኛ ግራር ዘመድ ነው። ዛሬም ውዱ ዩኩሌሌ ከኮአ ይሠራል።

ለደሴና ለኮምቦልቻ ግን ውዱን እንጨት አልመክርም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ ላይ ናት። በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት የወረደ ሰው ከግማሽ ሰዓት በላይ ብዙም ሳይቆይ ሌላ አየር ውስጥ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደሴ ጭጋግና ዝናብ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ አየሩ ደርቆ ሌሊቱ ይበርዳል። ወጥ እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ደረቱ ይነሳል፣ ክሩም ከፍሬቱ ይርቃል። ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ በቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ዩኩሌሌ የሚወደው የአየር እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ያለው ነው።

በቀጫጭን ንብርብር የተሠራው፣ አናጺ ኮምፔርሳቶ የሚለው ዓይነት፣ ድምፁ ከወጡ እንጨት ትንሽ ቢጠብም ይህን ሁሉ ይችላል። በዚያው ዋጋ ወጥ እንጨት ነው ከሚባል አንድ ጥሩ ንብርብር ይሻላችኋል። ለመለየት የድምፅ ማውጫውን ቀዳዳ ጠርዝ እዩ፤ የእንጨቱ መስመር ከላይ ወደ ታች ሳይቆረጥ ከወረደ ወጥ ነው፣ እንደ ሳንድዊች ድርብርብ ከታየ ንብርብር ነው። ጠርዙ በጥቁር ቀለም ከተሸፈነ ንብርብር ነው ብላችሁ ተደራደሩ። ፕላስቲክም አለ። የፍላይት ቲዩኤስ 35 ጀርባው ፕላስቲክ፣ ፊቱ ንብርብር እንጨት ነው፤ የኤንያ ኖቫ ዩ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ ነው። በየሳምንቱ ደሴና ኮምቦልቻ ለሚመላለስ ተማሪ ከእንጨት የበለጠ የሚስማማው እንዲህ ያለው ነው። የካላ ንብርብር ማሆጋኒዎችም ለመጀመሪያ መሣሪያ የሚታመኑ ናቸው። የስም ተለጣፊ ግን ማንም ያሳትማል፤ ስሙን ካያችሁ በኋላም የካርዱን ፈተና አትዝለሉ።

የሐበሻ እንጨት ሠሪ ቢሠራላችሁ ዋንዛ ይሆናል። የሚያስቸግረው እንጨቱ ሳይሆን ስስነቱና ልኩ ነው። ደረቱ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ መሆን አለበት፤ ከወፈረ ድምፁ ይታፈናል። የፍሬት ቦታ ደግሞ በግምት አይሆንም። የክሩን ርዝመት ለ17.817 አካፍሉት፣ የመጀመሪያው ፍሬት ከነት እዚያ ላይ ይቀመጣል። የቀረውን ርዝመት እንደገና ለ17.817፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። 38 ሴንቲሜትር ክር ላይ አንደኛው ፍሬት 21.3፣ አምስተኛው 95.3፣ ሰባተኛው 126.4፣ አሥራ ሁለተኛው 190 ሚሊሜትር ላይ ይወድቃል። ሁሉም የሚለካው ከነቱ ነው፤ ከፍሬት ፍሬት ከተለካ ትንንሹ ስሕተት ይደማመራል።

ከየት፣ እንዴት ይመጣል

ደሴ ውስጥ ፒያሳም ሆነ ሰኞ ገበያ አካባቢ የሙዚቃ መሣሪያ ካያችሁ መጀመሪያ እዚያው ጠይቁ፤ በእጅ ይዞ መፈተን ከምንም ይበልጣል። በአዲስ አበባ በሰው የምታስገዙ ከሆነ ለሚገዛላችሁ ሰው ሁለት ቪዲዮ እንዲልክ ንገሩት፦ አንዱ ካርዱ አንደኛው ፍሬት ላይ ሲሞከር፣ ሌላው አራቱም ክሮች ክፍትና 12ኛው ፍሬት ላይ ቲዩነሩ እየታየ ሲመቱ። ይህን ለማድረግ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎሜትር መንገድ ነው። ክሮቹን በመቃኛው ሁለት ሦስት ዙር ማላላት ይበቃል፤ ጨርሶ ማውለቅ አያስፈልግም። ራሱና አንገቱ በሚጋጠሙበት ቦታ ሥር የታጠፈ ጨርቅ ይግባ፤ ሲወድቅ የሚሰበረው እዚያ ነው። ፖርቶመጋላ ላይ አይጫን። ከሾፌሩ አጠገብ ሞተሩ የሚሞቅበት ቦታም አይቀመጥ፤ ሙቀት ኮላን ያላላል፣ ብሪጅ ተነስቶ ይገኛል። ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ ትቶ መሄድም ያው ነው። ቤት ሲደርስ ቦርሳው ሳይከፈት 20 ደቂቃ ይቆይ፣ እንጨቱ አዲሱን አየር ቀስ ብሎ ይልመደው።

ቤት ውስጥ ከከሰል ምድጃ ይራቅ፤ በክረምት እርጥብ የሚጠባ ግድግዳ ላይም አይሰቀል። በበጋ ወራት ክዳኗ የተበሳሳ የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ረጥቦ በደንብ የተጨመቀ ስፖንጅ አድርጋችሁ ቦርሳው ውስጥ አኑሩ፤ ውኃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ጥቅሙ ጉዳት ይሆናል።

ከገዛችሁ በኋላ

አዲስ ናይለን ክር ለብዙ ቀናት ይለጠጣል። ጠዋት የቃናችሁት ለምሳ ይወርዳል፤ ይህ የመቃኛው ጥፋት አይደለም። ለማፋጠን ክሩን 12ኛው ፍሬት አካባቢ በጣት ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳቡት፣ እንደገና ቃኙት፣ ይህንኑ አምስት ስድስት ጊዜ ድገሙ።

የጊታር የብረት ክር ፈጽሞ አታስሩበት። መሣሪያው የተሠራው ለናይለን ውጥረት ነው፤ ብረቱ ብሪጁን ከደረቱ ይገነጥለዋል።

ነቱ ከፍ ያለ ዩኩሌሌ በርካሽ አግኝታችሁ ከሆነ እቤት ይስተካከላል። የነት ሞረድ ካላገኛችሁ የጋዝ ብየዳ ሠራተኞች የችቦ አፍ የሚያጸዱበት ጥርስ ያለው ቀጭን ሽቦ ይሠራል፤ በየውፍረቱ ስለሚመጣ ከክሩ ትንሽ የሚወፍረውን ምረጡ። ክሩን አላልታችሁ ከቦታው አውጡ፣ ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ሞርዱ፣ ክሩን መልሱ፣ ቃኙ፣ በቲዩነር እዩ። ሽቦው ወደ ራሱ በኩል ትንሽ ዘቅዘቅ ይበል። ለማቆሚያው ምልክቱ ይህ ነው፦ ክሩን በሁለተኛውና በሦስተኛው ፍሬት መካከል ስትጫኑት አንደኛው ፍሬት ላይ አንድ ወይም ሁለት ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ብቻ ሲቀር። ካለፋችሁት ክፍቱ ክር መንጫጨት ይጀምራል። ያኔ ቀዳዳው ውስጥ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ አድርጋችሁ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጉበት፤ ወዲያው ይጠነክራል፣ እንደገና ይሞረዳል። ቤኪንግ ፓውደር አይሆንም፣ ሶዳው ነው።

አራተኛው ክር በተለምዶ ቀጭን ነው፣ ድምፁም ከሦስተኛው ከፍ ይላል። ለአጃቢነት ደስ ይላል፤ ዜማውን በክር ለሚያዜም ግን ከዶ በታች ምንም የለም። በወፍራም ሶል ብትቀይሩት ታች ሶልና ላ ይጨመራሉ፣ ትዝታም ወደ ታች መውረጃ ታገኛለች። ክሩ ስለሚወፍር የነቱን ቀዳዳ ትንሽ ማስፋት ያስፈልጋል።

የቀሩትን ቅኝቶች ከዶ ላስቀምጥ። ትዝታ ሜጀር፦ ሦስተኛው ክር ክፍትና ሁለተኛው ፍሬት፣ ሁለተኛው ክር ክፍትና ሦስተኛው ፍሬት፣ አንደኛው ክር ክፍትና ሦስተኛው ፍሬት። እነዚሁ ድምፆች ከላ ሲጀመሩ ባቲ ማይነር ይሆናሉ፤ ሁሉንም በአንደኛው ክር ብቻ ማግኘት ትችላላችሁ፦ ክፍት፣ 3፣ 5፣ 7፣ 10፣ 12። ባቲ ሜጀር፦ ሦስተኛው ክር ክፍት፣ ሁለተኛው ክር ክፍት፣ 1 እና 3፣ አንደኛው ክር 2 እና 3። አምባሰልን ከሚ መጀመርም ይቻላል፣ ለድምፃችሁ ከፍ ያለ ከመረጣችሁ፦ ሁለተኛው ክር ክፍትና 1፣ አንደኛው ክር ክፍት፣ 2፣ 3 እና 7። ያንኑ ከላ ስትጀምሩት ትዝታ ማይነር ነው።

አንቺሆዬ፦ ሦስተኛው ክር ክፍትና 1፣ ሁለተኛው ክር 1 እና 2፣ አንደኛው ክር ክፍትና 3። እዚህ ላይ የማሲንቆ ጆሮ ያለው ሰው አንዳንዱን ድምፅ ትንሽ ሊጠረጥር ይችላል። ማሲንቆ ፍሬት የለውም፣ ክራርም በጆሮ ይቃኛል፤ የዩኩሌሌ ፍሬቶች ግን እርከኑን በ12 እኩል ግማሽ ድምፅ ከፋፍለው ያስቀሩታል። ቲዩነሩ ከ5 ሴንት በታች ካሳየ መሣሪያው ጤነኛ ነው። ሁለተኛው ክር ሁለተኛው ፍሬት ላይ የጎደለ ከመሰላችሁ ፍሬቱን ሳትለቁ ክሩን በጣታችሁ ወደ ጎን ጥቂት ግፉት፤ ድምፁ ጆሮአችሁ ወደሚፈልገው ይወጣል።